የክት ልብስ አንዴ ተለብሶ አይቀርም፦ ለአዲስ ዓመት የፋሽን ምኞቶች የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊዋ ስለ ፋሽን በመጻፍ የታወቁ ናቸው፤ ለአዲሱ ዓመት የያዙትን ዕቅድና ለአለባበስ ባህላችን የሚመኙትን አስፍረዋል። የሀገር ልብስን የሚወድ ሰው እንደጻፈው ያስታውቃል። ይሁን እንጂ ከያዛቸው ስድስት ሐሳቦች አራቱ የተሳሳቱ ናቸው፤ አምስተኛው ግማሹ ልክ ነው፤ ስድስተኛው ልክ ሆኖ ምክንያቱ ልክ አይደለም። የስህተቶቹ ሁሉ ሥር አንድ ይመስለኛል፦ ጽሑፉ ስለ ቀሚስ ብዙ ሲናገር ስለ ጨርቁ ምንም አይናገርም።

ሐሳባቸውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ለመስቀል፣ ለገና፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ፣ ለየበዓሉ አዲስ ቀሚስ መልበስ ልማድ ይሁን፤ በአንዱ በዓል ፎቶ የታየ ልብስ በሌላው አይደገም። ሁለተኛ፣ ጥለት የታተመበት ከውጭ የሚመጣ የፋብሪካ ጨርቅ ከሸማኔው ሥራ በዓይን አይለይም፣ ዋጋውም ለሁሉም ይደርሳል፤ እንቀበለው። ሦስተኛ፣ ሽሮ ሜዳ ላይ ዋጋ የተሰቀለው በስግብግብነት ነው፤ መድኃኒቱ ተከራክሮ በግማሽ ማስወረድ ነው። አራተኛ፣ የሀገር ልብስ ነጭና ቶሎ የሚበላሽ ስለሆነ ለሥራና ለአዘቦት አይሆንም። አምስተኛ፣ የቀሚሱ ቅርጽ ከድሮው ነጻ ይውጣ፤ ጠባብም ይሁን አጭር ማንም አይከልክል። ስድስተኛ፣ ልባሽ ጨርቅ መልበስ ስለሚያሳፍር በአዲሱ ዓመት ይብቃ።

ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ጸሐፊዋ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ተረት ለየበዓሉ አዲስ ለመልበስ ማስረጃ አድርገው ጠቅሰውታል። ተረቱ የሚናገረው ግን ሌላ ነው። እንዲህ የሚል ሰው ቀሚሱን አስቀምጦ ቀኑን ሲጠብቅ የነበረ ሰው ነው፤ ቀኑ ሲደርስ ካልለበስኩት ለመቼ ይሆነኛል ማለቱ ነው። «የክት» የሚል ቃል ያለንም ለዚህ ነው። የክት ልብስ ተከቶ፣ ተጠብቆ፣ ለቀኑ ይወጣል፤ ከዚያ ታጥቦና ታጥፎ ይመለሳል። አንዴ ታይቶ የሚቀር ልብስ የክት አይባልም።

በሥራ በኩልም አይሆንም። ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል 16 ቀን ነው፤ ከገና እስከ ጥምቀት 12 ቀን። በዚህ ጊዜ ውስጥ ድር (በቁመት የሚወጠረው ክር) ተደርቶ፣ ጨርቁ ተሸምኖ፣ ሰፊ ጥለት ገብቶበት፣ ታጥቦ፣ ተለክቶና ተሰፍቶ በደንብ የሚያልቅ ቀሚስ እምብዛም ነው። ጥድፊያ ሲመጣ መጀመሪያ የሚዘለለው ማጠቡ ነው፤ ሳይታጠብ የተሰፋ ጨርቅ ደግሞ ከበዓሉ በኋላ ቤት ሲታጠብ ያጥራል። ቀጥሎ የሚቀነሰው ጥለቱ ነው፤ አራት ጣት ይሆናል የተባለው ሁለት ጣት ሆኖ ይመጣል፣ ወይም በመኪና ጥልፍ ይተካል። ለእንቁጣጣሽ የሚፈለግ ቀሚስ በሰኔ፣ ቢዘገይ በሐምሌ መጀመሪያ መታዘዝ አለበት። በጳጉሜ የሚታዘዝ ልብስ ከተሰቀለው ተመርጦ የሚገዛ ብቻ ነው።

ገንዘቡንም እናስላ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ አንባቢ በራሱ ገበያ ይተካቸው። 12,000 ብር የወጣበት ጥሩ ቀሚስ በዓመት አራት ጊዜ እየተለበሰ ስምንት ዓመት ቢቆይ 32 ጊዜ ይለበሳል፤ አንዱ ቀን 375 ብር ማለት ነው። 3,000 ብር የወጣበት ሁለት ጊዜ ተለብሶ ቢጣል አንዱ ቀን 1,500 ብር ይወጣዋል። እርግጥ 12,000 ብር በአንድ ጊዜ ማውጣት ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው፤ ለዚህ ግን ዕቁብ አለን፣ ከጥቅምት የተጀመረ ዕቁብ እስከ ሰኔ ዙሩን ይጨርሳል። ፎቶው ላይ ለውጥ እንዲታይ የምትፈልግ ደግሞ ቀሚሱን ሳይሆን ነጠላውንና መቀነቱን ትቀይር። አንድ ጥለት የሌለበት ወይም ጠባብ ጥለት ያለው ነጭ ቀሚስ ከሦስት ነጠላ ጋር ሦስት የተለያየ መልክ አለው።

በልጆች ልብስ ላይ ግን ጸሐፊዋ ትክክል ናቸው፤ ልጅ ያድጋል። እዚያም ቢሆን የታችኛውን እጥፋት ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር አስቀርቶ ማሰፋት ቀሚሱን አንድ ወይም ሁለት ዓመት ያስጨምረዋል።

ሁለተኛው ሐሳብ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ከሁሉም የሚጎዳው እሱ ነው። «በዓይን አይለይም» የሚለው እውነት አይደለም። አምስት ደቂቃ ያለው ሰው ይለየዋል።

መጀመሪያ ጀርባው ይገለበጥ። የታተመ ጨርቅ ፊቱ ደማቅ፣ ጀርባው የደበዘዘ ነው። በሸማኔ ጥለት ቀለሙ ራሱ የተሸመነ ክር ስለሆነ ጀርባውም ያው ቀለም አለው፤ ክሩ ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው ሲሻገር ወይም ዞሮ ሲመለስ ይታያል። በፋብሪካ መኪና የተሸመነ ጥለት ጀርባው ላይ ብዙውን ጊዜ ረጃጅም ክሮች በእኩል ርቀት ተቆርጠው ይገኛሉ። የመኪና ጥልፍ ከሆነ ደግሞ ከኋላ ቀጭን ወረቀት መሳይ ድጋፍና የታችኛው ክር አለ። ጥልፍ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ጥልፍ ጥለት አይደለም፣ ዋጋውም እንደ ጥለት መሆን የለበትም።

ቀጥሎ ጠርዙ ይታይ። ሸማኔ መወርወሪያውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ሲያሳልፍ ማጉ፣ ማለትም አግድም የሚገባው ክር፣ ጠርዝ ላይ ዞሮ ይመለሳል፤ ስለዚህ ጠርዙ የተዘጋና ትንሽ ወጣ ገባ ነው። ከሰፊ የፋብሪካ ጥቅል የተቀደደ ጨርቅ ጠርዙ ይተረተራል ወይም በኦቨርሎክ ተዘምዝሟል። ከዚያ ጨርቁ ወደ ብርሃን ይያዝ። በእንዝርት የተፈተለ ክር አንዳንድ ቦታ ወፈር፣ አንዳንድ ቦታ ቀጠን ይላል፤ የፋብሪካ ክር እኩል ነው። እዚህ ላይ መሳሳት ቀላል ነው፦ አብዛኛው ፈትል የሚባለው ጨርቅ ድሩ የፋብሪካ ክር ሆኖ ማጉ ብቻ የእጅ ፈትል ነው። ድሩ እኩል ስለሆነ ብቻ ሐሰተኛ ነው ማለት አይቻልም፤ የእጅ ፈትል ድር ሲወጠርና ሲመታ ቶሎ ስለሚበጠስ ነው የፋብሪካ ክር የሚገባው።

የመጨረሻው እሳት ነው። ከውስጥ ስፌት 4 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ክር ተመዞ በወረንጦ ይያዝና ውኃ ካለበት ሳህን በላይ ይለኮስ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱ በጣት ሲነካ ይበናል። ፖሊስተርና አክሪሊክ ይቀልጣሉ፣ ይኮማተራሉ፣ ጥቁር ጠንካራ ጠብታ ይተዋሉ። ድሩና ማጉ ለየብቻ መፈተን አለባቸው፤ ጥጥ ድር ላይ ሰው ሠራሽ ማግ የገባበት ጨርቅ ብዙ ነው። እሳቱ የማይለየው አንድ ነገር አለ፦ ሬዮን እንደ ጥጥ ነው የሚነደው፣ ከእንጨት የተሠራ ነውና። እሱን የሚያጋልጠው ውኃ ነው፤ ክሩ ርሶ ሲሳብ ከደረቁ ይልቅ በቀላሉ ይበጠሳል፣ ጥጥ ግን ሲርስ አይደክምም።

መለየቱ ለምን ያስፈልጋል? ጥጥ በተለመደ አየር ውስጥ ከክብደቱ 8 በመቶ ገደማ እርጥበት ይይዛል፤ ፖሊስተር 0.4 በመቶ ብቻ። ከንጋት ጀምሮ ቆሞ ለሚውል ሰው ይህ ልዩነት ላብ ተመጦ መድረቅና ገላ ላይ ተጣብቆ መዋል ነው። ከዚህ የባሰው እሳቱ ነው። በዓሎቻችን የደመራ፣ የጧፍ፣ የከሰል ምድጃ በዓሎች ናቸው። ጥጥም ይነዳል፤ ነገር ግን ፖሊስተር 260 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። የሕፃን ልጅ ረጅም ቀሚስ ከዚህ ጨርቅ ተሰፍቶ ደመራ ዳር መቆም የለበትም። ይህን በዋጋ መርከስ ማካካስ አይቻልም።

የዋጋው ነገር እውነት መሆኑን አልክድም። ለትምህርት ቤት ትርዒት አንድ ቀን የሚለበስ 30 ልብስ ከሸማኔ ይግዙ የሚል የለም። ጥያቄው ሻጩ ምን እንደሚሸጥ ይናገር ነው፤ የታተመውን የታተመ፣ ሰው ሠራሹን ሰው ሠራሽ ይበል። ገዢም መካከለኛ መንገድ አለው፦ ድሩም ማጉም የፋብሪካ ጥጥ የሆነ፣ በእጅ የተሸመነ፣ ሁለት ጣት ጥለት ያለው ጨርቅ ከእጅ ፈትል በእጅጉ ይረክሳል፣ ጥጥነቱና የሸማኔው ሥራ ግን አይጓደልም። ጸሐፊዋ ይህን ምርጫ ጨርሶ አላነሱትም።

ወደ ዋጋው እንሂድ። በዓል ሲደርስ የሚያስወድድ ነጋዴ የለም አልልም፤ ከውጭ የመጣን ዘመድ አይቶ ዋጋ የሚቀይርም አለ። ነገር ግን ስግብግብነት ዋጋውን አይገልጸውም። ጥጡ ይዳመጣል፤ ፍሬው ይወጣል። በደጋን ይነደፋል፣ ለመፈተል የተዘጋጀ ባዘቶ ይሆናል። በእንዝርት ይፈተላል፤ አንድ ሸማኔ በአንድ ቀን የሚጨርሰው ማግ ለፈታዩዋ የብዙ ቀን ሥራ ነው። ድሩ ይደራል። ከዚያ ሽመናው ይመጣል፣ ጥለቱ ላይ ሲደርስ ደግሞ ሥራው ይጎተታል፦ ሸማኔው የድሩን ክሮች በጣቱ እየቆጠረና እያነሳ ባለቀለሙን ክር ያስገባል፣ በነጩ ማግ ያስረዋል፣ እንደገና ይቆጥራል። አንድ ክር ቢስት መስቀሉ ይጣመማል፤ ስህተቱ ከተወሰነ መስመር በኋላ ከታየ ያለው ምርጫ መፍታት ብቻ ነው። ያው ጥለት በነጠላው ሁለት ጫፍ፣ በቀሚሱ ታች፣ በእጅጌውና በመቀነቱ ላይ መመሳሰል አለበት። ለዚህም ባለቀለሙ ክር ለሁሉም የሚበቃ ሆኖ አንድ ላይ መገዛት አለበት፤ ሲጎድል በኋላ የተገዛ ክር በሌላ ጊዜ የተነከረ ስለሚሆን ቀለሙ አይገጥምም። ቀሚሱና ነጠላው «ትንሽ ተለያዩ» የሚባለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው።

ዋጋው በግማሽ ሲወርድ ማን ላይ ይወርዳል? ሽሮ ሜዳ ላይ የሚሸጠውና የሚሸምነው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው አይደለም። ሸማኔው በቁራጭ ሥራ ይከፈለዋል፤ ነጋዴው ያጣውን ከሚቀጥለው ቁራጭ ላይ ይቀንሳል። ርካሽ ጉልበት ፍለጋውም እዚያ ያበቃል ማለት አይደለም። የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር በሕፃናትና በግዳጅ ጉልበት ይመረታሉ ብሎ ከሚዘረዝራቸው ዕቃዎች መካከል የኢትዮጵያ የእጅ ሽመና ጨርቅ ይገኝበታል። ከጋሞ ደጋ መጥተው ጉድጓድ ውስጥ ሽመና ላይ የሚቀመጡ ልጆች ጉዳይ ከዋጋው ተለይቶ መታየት አይችልም። ዳግማዊ ምኒልክ ሸማኔውንና ቀጥቃጩን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ቀርቶ ድካሙን እንደ ስርቆት መቁጠር ከቀጠለ ብዙ ርቀን አልሄድንም።

መከራከር ይቻላል፤ በዘዴ ሲሆን። ዋጋው በአራት ተከፍሎ ይጠየቅ፦ ጨርቁ በሜትር ስንት ነው፣ ጥለቱ በስንት ጣት ስንት ነው፣ ስፌቱ ስንት ነው፣ ነጠላው ለብቻው ስንት ነው? ያኔ ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ይታያል። መቀነስ ያለበት ሰው ጥለቱን ያጥብብ፣ ከእጅ ፈትል ወደ ፋብሪካ ጥጥ ይውረድ፣ ወይም ጊዜ ይስጥ። በሐምሌ የተሰጠ ሥራ በጳጉሜ ከተሰጠው የሚረክሰው ሸማኔው ሌሊት ስለማይሠራበት ነው።

አራተኛው፣ የሀገር ልብስ ለአዘቦት አይሆንም የሚለው፣ ታሪኩን ይገለብጠዋል። ጋቢ የገበሬው የዘወትር ልብስ ነው፤ ብርድ ይመልሳል፣ ሌሊት ይለበሳል፣ ቀን ትከሻ ላይ ይውላል። ነጠላ ሁለት ድርብ፣ ጋቢ አራት ድርብ የሆኑት ለውበት ብቻ ሳይሆን ለአየሩ ነው። በዘመናዊው በኩልም ምሳሌ አለ። ሞዴሏ ሊያ ከበደ በ2007 እ.ኤ.አ. ያቋቋመችው «ለምለም» የተባለ የልብስ ድርጅት የኢትዮጵያ ሸማኔዎች የሚሠሩትን ጥጥ ለባሕር ዳርቻና ለአዘቦት የሚለበስ አድርጎ ለውጭ ገበያ አቅርቧል። በ2004 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተመሠረተው «ሳባሃር» የተባለ ድርጅትም የእጅ ሽመናን ስካርፍና የቤት ጨርቅ አድርጎ ይሸጣል። ሌላው ዓለም ለዘወትር የሚገዛውን እኛ ለአምስት ቀን ብቻ ነው ብንል ሸማኔው በቀሩት 360 ቀናት ምን ይሥራ?

ነጭ ልብስ በመስከረም ጭቃ ይቸግራል የሚሉት ልክ ነው። ለሥራ የሚሆነው እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርሰው ሳይሆን ከጉልበት ትንሽ የሚወርድ ቀሚስ፣ ሸሚዝ ወይም ስካርፍ ነው፤ ጨርቁም የግድ ነጭ አይሁን፣ ግራጫና ቡናማ ድር ያለው ሸማ አለ። «ይበላሻል» የሚለው ግን አብዛኛውን ጊዜ የአጠባብ ችግር ነው፤ እዚህ ላይ ዝርዝሩ ይጠቅማል።

ከመታጠቡ በፊት ጥለቱ ይፈተን፦ ነጭ ጨርቅ ረጥቦ ጥለቱ ላይ አንድ ደቂቃ ይጫን። ቀለም ከወጣ ልብሱ አይዘፈዘፍም፤ ለብቻው፣ በቀዝቃዛ ውኃ፣ በፍጥነት ታጥቦ ወዲያው ይሰጣል። ካልወጣ ለብ ባለ ውኃና በልዝብ ሳሙና፣ ሳይታሽ በእጅ እየተጫነ ይታጠብ። ሦስት ጊዜ ይለቅለቅ፤ ነጭ ልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ ቢጫ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ያልወጣ ሳሙናና የገላ ቅባት ነው። በረኪና አይንካው። ጥጡን ያደክማል፣ ጥለቱን ያነጣል፣ የወርቅ መልክ ያለውን ክር ያጠቁራል፤ ሰው ሠራሽ ክር ከተቀላቀለበት ደግሞ የባሰ ቢጫ ያደርገዋል። ውኃውን ለማውጣት መጠምዘዝ ድሩን ያዛባል፤ በፎጣ ጠቅልሎ መጫን ይሻላል። በጥላ ይሰጣ፣ ገና ጥቂት እርጥበት እያለው በግልባጩ በካውያ ይተኮስ።

የበዓል ቆሻሻዎች ሦስት ናቸው። ወጥ ሲፈስ አይታሽም፤ በማንኪያ ጠርዝ ይነሣና ዱቄት ይነስነስበት፣ 20 ደቂቃ ቅባቱን ይምጠጥ፣ ከዚያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ከጀርባው በኩል ይቀባ። የበርበሬና የእርድ ቀለም ከታጠበ በኋላም ቢቀር ብርሃን ይበላዋል፤ ጥለቱ በጨርቅ ተሸፍኖ ነጩ ክፍል ብቻ ፀሐይ ላይ ይዋል። የአልጫ እርድ ሳሙና ሲነካው ቀይ ቢሆን አትደንግጡ፤ እርድ በሳሙና ቀለሙን ይቀይራል፣ ሲለቀለቅ ይመለሳል። ጭቃ ሳይደርቅ ከተነካ ወደ ክሩ ይገባል፤ ደርቆ በብሩሽ ይራገፍና ከዚያ ይታጠብ። የጧፍ ሰም በበረዶ ደርቆ ይፋቅ፣ የቀረው ከላይና ከታች ንጹሕ ወረቀት ተደርጎ ለብ ባለ ካውያ ይምጠጥ፤ ካውያው ከጋለ ሰው ሠራሹ የጥለት ክር ይቀልጣል።

አምስተኛው ሐሳብ ላይ በግማሽ እስማማለሁ። ቅርጽ ይለወጥ፤ ሁልጊዜም ሲለወጥ ኖሯል። የማልስማማው ጨርቁን ሳይጠይቁ መቁረጥ ላይ ነው። የእጅ ሽመና ጥጥ አይለጠጥም፣ ሽመናውም ላላ ያለ ነው። ገላ ላይ የሚጣበቅ ተደርጎ ሲሰፋ ስፌቱ አይበጠስም፤ የጨርቁ ክሮች ከስፌቱ ሥር ተንሸራተው ይከፈታሉ፣ በተለይ ዳሌና ብብት ላይ፣ ለባሿ ስትቀመጥ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ደረትና ዳሌ ላይ ከገላ ልክ ከ6 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ይጨመር፣ ለስፌት የሚተወው ትርፍ ከ1 ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ይደግ፣ ጠርዙ ሁሉ ይዘምዘም፣ ኃይል የሚያርፍበት ቦታ ከጀርባ በጥጥ ጥብጣብ ይደገፍ። ጠባብ ለመልበስ የቆረጠች ገበሩን ጠባብ፣ ሸማውን ከላይ ዘና ያለ አድርጋ ታሰፋ፤ ኃይሉን ገበሩ ይሸከመዋል። ገበሩ ጥጥ ይሁን፣ እሱም ከመቆረጡ በፊት ይታጠብ። ፖሊስተር ገበር አያጥርም፣ ሸማው ግን ያጥራል፤ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ገበሩ ከታች ወጥቶ የሚታየው ለዚህ ነው።

ምን ያህል እንደሚያጥር መገመት አያስፈልግም። ጨርቁ ጥግ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር በ20 የሆነ አራት ማዕዘን በባለቀለም ክር ይሰፋ፣ ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ ይለካ። 19 ከሆነ 5 በመቶ አጥሯል። ከዚያ የሚገዛው መጠን ይሰላል። የሽመናው ስፋት 80 ሳንቲ ሜትር፣ የቀሚሱ ርዝመት ከትከሻ እስከ ታች 140 ከሆነ ፊትና ኋላ 280፣ ጎን ለጎን የሚወጡት ሁለት እጅጌዎች 60፣ ድምር 340፤ ለማጠሩ፣ ለስፌትና ለታችኛው እጥፋት 30 ተጨምሮ 3 ሜትር ከ70 ይሆናል፣ ነጠላው ሳይቆጠር። ይህ ቀጥ ላለ ቀሚስ ነው፤ የታችኛው ዙሪያ 160 አይሞላምና ሰፋ ያለ የሚፈልግ የጎን ቁራጭ ይጨምር። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ሆነው በስልክ የሚያዙ ልኩን ከወፍራም ልብስ በላይ እየለኩ ይልካሉ፤ ከውስጥ ልብስ በላይ መለካት አለበት፣ የጫማው ተረከዝ ከፍታም ይጻፍ።

ስለ ነጠላው ደግሞ አንድ ነገር። «እንደፈለግን እናጣፋው» ብለዋል። ይቻላል፤ ግን ነጠላ አነጋገር አለው። ለለቅሶ ጥለቱ ወደ ላይ ወደ ፊት ይጠጋል፤ ለሌላው ቀን ወደ ታች ይወርዳል። ይህን የማታውቅ ሙሽራ ጥለቱን አንገቷ ላይ አድርጋ ፎቶ ስትነሣ አያቷ የምታነበው ሐዘን ነው። ሸማ በየፈርጁ ይለበሳል የተባለውም ለዚህ ነው። ልማዱን አውቆ መለወጥ የፋሽን ሥራ ነው፤ ሳያውቁ መለወጥ ግን ያልታሰበ መልእክት መናገር ነው።

ልባሽ ጨርቅ ይብቃ ሲሉ በውጤቱ እስማማለሁ። ወደ ሀገር የሚገባው በኮንትሮባንድ ነው፣ የጉምሩክ የመያዝ ዜናዎች ላይ በየጊዜው ስሙ አይጠፋም፤ ለሀገር ውስጥ ሰፊም አይበጅም። ያሳፍራል የሚለውን ምክንያት ግን አልቀበልም። ልጁን ለትምህርት ቤት ለማልበስ ሳልባጅ የገዛ አባት የሚያፍርበት ነገር የለም። ሌላ ሰው የለበሰውን መልበስ ራሱ ነውር ቢሆን ኖሮ የእናትን ቀሚስ መውረስም ነውር በሆነ ነበር። ይልቅ የአዲሱ ዓመት ዕቅድ ውስጥ ቢገባ የምመኘው ይኸው የእናት ቀሚስ ነው።

እንዲህ ይጀመራል። ቀሚሱ ከሣጥን ወጥቶ መታጠፊያ መስመሮቹ ወደ ብርሃን ይያዙ፤ ጥጥ ለዓመታት በአንድ መስመር ከታጠፈ መጀመሪያ የሚሰበረው እዚያ ነው። ብብቱና ወገቡ በሁለት ጣት ቀስ ተብሎ ይሳብ። ጨርቁ ካልተቀደደ ስፌቱ ተፈትቶ ይታጠብና በአዲስ ልክ ይሰፋል፤ የድሮ ሰፊዎች ብዙውን ጊዜ ውስጥ ትርፍ ይተዋሉ። ጨርቁ ሳስቶ ጥለቱ ደህና ከሆነ ጥለቱ በዙሪያው 2 ሳንቲ ሜትር ነጭ ተትቶለት ይቆረጥ፣ ታጥቦ ባጠረ አዲስ ሸማ ላይ በእጅ ይሰፋ፤ በመኪና ከተሰፋ አሮጌውና አዲሱ ጨርቅ እኩል ስለማይሳቡ ይሸበሸባል። ተመልሶ ሲቀመጥም በላስቲክ ከረጢት ሳይሆን በታጠበ የጥጥ ጨርቅ ይጠቅለል፤ በየሦስት ወሩ ይውጣና ካለፈው በሌላ መስመር ይታጠፍ።